ቤት ሆኖ መሥራት፦ የሚባለውና እውነታው

በሰሜን ሸዋ ገቢን ከቤት ማግኘት አዲስ ነገር አይደለም። በመንዝ የበግ ጸጉር የሚፈተለው ቤት ውስጥ ነው። ዛሬ ደግሞ ደብረ ብርሃን ላይ እንጀራ ጋግራ ለሆቴል የምታስረክብ፣ ልብስ የምትሰፋ፣ በርበሬና ሽሮ አዘጋጅታ አዲስ አበባ የምትልክ፣ ቤቱ ቁጭ ብሎ በኮምፒውተር የሚሠራ ወጣትም አለ። ስለዚህ ሥራ በየሰፈሩ የሚባሉ አንዳንድ ነገሮች ግን ሠራተኛውን፣ በተለይም ሴቶቹን፣ እየጎዱ ነው።

«ቤት የዋለ ሰው ሥራ የለውም»

ከሁሉ የሚከፋው ይህ ነው። ሱቅ የከፈተን ሰው ማንም ልጅ ጠብቅልኝ አይለውም። ቤቷ የስፌት መኪና የተከለችን ሴት ግን ጎረቤቷ «ቤት ነሽ አይደል? ልጁን ላንቺ ትቼው ገበያ ደርሼ ልምጣ» ትላታለች። እያንዳንዱ ጥሪ ትንሽ ይመስላል። የሚጠፋው ግን የተጠራችበት ደቂቃ ብቻ አይደለም። ጨርቅ እየቆረጠች የተነሣች ሴት ስትመለስ ልኬቱን እንደገና ታያለች፣ የት እንደደረሰች ታስባለች። ሐሳብ ከአንዱ ሥራ ወደ ሌላው በተዛወረ ቁጥር ጊዜ ይባክናል፣ ስሕተትም ይበዛል።

ይህ ማለት ከጎረቤት መራቅ ማለት አይደለም። ለቅሶና ዕድር አይቀርም፤ ቡናም ቢሆን ደንበኛ የሚገኝበት ነው። የሚያዋጣው ሰዓትን አስቀድሞ ማሳወቅ ነው፦ «ከ3 እስከ 6 ሰዓት ስፌት ላይ ነኝ፤ ቡናውን ከሰዓት በኋላ እንጠጣ»። ይህን መጀመሪያ ማክበር ያለበት የቤቱ ሰው ነው። ባል በሥራ ሰዓቷ በየመሐሉ እያስነሣ የሚልካትን ሴት ጎረቤት እንዴት ሥራ ላይ ናት ይበል?

«በዓል ስለሚበዛ መሥራት አይቻልም»

ሚካኤል በ12፣ ማርያም በ21፣ መድኃኔዓለም በ27፣ በዓለ ወልድ በ29 እየተባለ ወሩ አለቀ ይባላል። በዓል ግን ድንገት አይመጣም። ቀኑ የታወቀ ስለሆነ የማስረከቢያ ቀጠሮን ከበዓሉ በፊት ማድረግ ይቻላል። እንዲያውም የቤት ሥራን ገበያ የሚያንቀሳቅሰው ይኸው የቀን አቆጣጠር ነው። 55 ቀን በሚጾመው ዐቢይ ጾም ቅቤ የምትሸጠዋ ስትቀዘቅዝ ሽሮ የምታዘጋጀዋ ይደራላታል። ለፋሲካ ልብስ የሚሰፋ ሰው አዲስ ትእዛዝ መቀበል የሚያቆምበትን ቀን በጾሙ እኩሌታ፣ በደብረ ዘይት እሑድ፣ ቢወስን በሕማማት ሳምንት አይጨነቅም። «እሺ፣ ይደርሳል» ብሎ አለማድረስ ከበዓሉ ይልቅ ደንበኛን ያሸሻል።

«መብራት ከጠፋ ቀኑ ባከነ»

መብራት የሚፈልገውንና የማይፈልገውን ሥራ ለይቶ መያዝ ነው። ቁልፍ መትከል፣ በርበሬ መቀንጠስ፣ የዱቤ ደብተር ማየት ያለ መብራት ይሠራል። መብራት እያለ በርበሬ ሲቀነጥስ የሚውል ሰው ግን ሲጠፋ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል።

«ሌሊቱን የሠራ ብዙ አተረፈ»

አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ትእዛዝ ሲጣደፍ አንድ ሌሊት ማምሸት ያለ ነው፤ ልማድ ሲሆን ግን ሌሊት የተሰፋው ጠዋት ይፈታል። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል፣ ጣትም ይደነዝዛል። በር ዘግቶ ከሰል አቀጣጥሎ መሥራት የሚመጣው እዚህ ላይ ነው።

«ከሰሉ ከቀላ አይጎዳም»

ይህ ሰው ይገድላል። ጢሱ ጠፍቶ በደንብ የቀላ ከሰልም ካርቦን ሞኖክሳይድ ያወጣል። ጋዙ ቀለምም ሽታም ስለሌለው ሰው ሳያውቀው ይደክማል፤ እንቅልፍ መጣ ብሎ ጋደም ያለ ላይነሣ ይችላል። ራስ ምታት፣ ማዞር ወይም ማቅለሽለሽ ከጀመረ ቤት ውስጥ ያለውን ሰው ሁሉ ይዞ ወዲያው መውጣት፣ ከዚያም ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ከሰልን በተዘጋ ክፍል ውስጥ አለማቀጣጠል፣ ሲተኙም ፍሙን ከቤት ማውጣት ግድ ነው። ለብርዱ ደርቦ መልበስ ይሻላል፤ የእጅ ሥራውን ደግሞ ፀሐይ ሲሞቅ፣ ከ4 እስከ 9 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ በረንዳ ላይ አውጥቶ መሥራት ይቻላል።