የግል መረጃ ጥበቃ በሐዋሳ፦ ከፎቶ ኮፒ ቤት እስከ አዋጅ

የግል መረጃ ጥበቃ ሲባል ብዙ ሰው ቶሎ የሚያስበው ከሩቅ አገር ሆኖ ኮምፒውተር ሰብሮ የሚገባ ሰርሳሪን ነው። በሐዋሳ ግን እኔ እንደማየው መረጃ በብዛት የሚያመልጠው በቅርብ ሰው እጅ በኩል ነው። መታወቂያ ስካን ያደረገልን ልጅ፣ ስልካችንን የጠገነልን ባለሙያ፣ ብር ላክልኝ ብለን ፒናችንን የነገርነው የቤት ተጋሪ አለ። አብዛኞቹ ክፉ ሰዎች አይደሉም። ችግሩ መረጃው እነሱ ጋ መቅረቱ ነው። ይህ ዳሰሳም በዚያው ላይ ያተኩራል።

አጭር ታሪክ

ኢንተርኔት ወደ ኢትዮጵያ የገባው በ1989 ዓ.ም. ሲሆን ሞባይል በ1991 ዓ.ም. ተከተለ። ሐዋሳ ላይ ለብዙ ዓመታት ኢንተርኔት ማለት ኢንተርኔት ካፌ ነበር። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር፣ ኤም-ፔሳም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲከተል ስልክ ቦርሳም ሆነ። ከዚያ ወዲህ ስልክ የጠፋበት ሰው ያጣው ዕቃውን ብቻ አይደለም።

ከተማዋ የተማሪና የአዲስ መጪ ከተማ ናት። በ1968 ዓ.ም. በእርሻ ኮሌጅነት የተጀመረው ዩኒቨርሲቲያችን ዛሬ የኢንፎርማቲክስ ባለሙያዎችን ጭምር እያስመረቀ ነው። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ደግሞ በብዛት ወጣት ሴቶችን ከሲዳማና ከአጎራባች አካባቢዎች አምጥቷል። ብዙዎቹ አንድ ክፍል ለሦስት ለአራት ተከራይተው ይኖራሉ። አንድ ቻርጀር፣ አንዳንዴም አንድ ስልክ ይጋራሉ። ስለ ምስጢር ቁጥር የሚሰጥ ምክር ይህን ኑሮ ካላየ አይሠራም።

ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቶች

በዩኒቨርሲቲው ግቢዎች በራፍ፣ በክፍለ ከተማ ጽሕፈት ቤቶች ዙሪያና በፒያሳ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ሥራ የሚሠሩ ትንንሽ ቤቶች አሉ። የከተማው ወረቀት ሁሉ በእነዚህ ቤቶች ያልፋል ቢባል ማጋነን አይሆንም። መታወቂያ፣ ዲግሪ፣ የቤት ኪራይ ውል፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የፍርድ ቤት ማመልከቻ፣ ሁሉም እዚያው ኮምፒውተር ላይ ይከፈታል።

የተለመደው አሠራር እንዲህ ነው። ደንበኛው ፋይሉን ለቤቱ የቴሌግራም አካውንት ይልካል። ባለቤቱ ያወርደዋል፣ ያትመዋል፣ ሒሳብ ይቀበላል። ደንበኛው ወረቀቱን ይዞ ይሄዳል። ፋይሉ ግን ሁለት ቦታ ይቀራል፤ አንዱ የቴሌግራም ንግግሩ ውስጥ፣ ሌላው ኮምፒውተሩ ላይ «ቴሌግራም ዴስክቶፕ» የሚባለው የማውረጃ ፎልደር ውስጥ። ንግግሩን ለሁለቱም ወገን እንዲጠፋ አድርጎ መሰረዝ ይቻላል። የወረደውን ኮፒ ግን ይህ አይነካውም። ስለዚህ ሒሳብ ከመክፈል በፊት «እባክህ ወንድሜ፣ ከፎልደሩም ከሪሳይክል ቢንም አጥፋልኝ» ማለት ያስፈልጋል። ይህን መጠየቅ ነውር አይደለም። ጥሩ ቤቶች ሳይጠየቁም ያደርጉታል።

በሰው ኮምፒውተር ላይ የራስን ኢሜይል ወይም ቴሌግራም መክፈት ከዚህ የባሰ ነው። ዘግቶ መውጣት ከተረሳ አካውንቱ እዚያው ክፍት ሆኖ ይውላል። የረሳ ሰው ስልኩ ላይ የቴሌግራም ማስተካከያ ውስጥ «መሣሪያዎች» የሚለውን ይክፈት። የማያውቀውን ኮምፒውተር እዚያው ያያል፣ እዚያው ያሰናብተዋል።

ፍላሽ የራሱ ጣጣ አለው። ተማሪ የሆነ ሁሉ ፎልደሩ ወደ ሾርትከት ተለውጦ ያየበት ቀን አለ። ይህ ቫይረስ እውነተኛዎቹን ፋይሎች ይደብቅና በምትካቸው የራሱን ማስነሻ ያስቀምጣል። ሾርትከቱን መጫን ማለት ቫይረሱን ማስነሳት ነው። ፋይሎቹ ብዙውን ጊዜ አልጠፉም፤ የተደበቁ ፋይሎችን አሳይ የሚለው ሲመረጥ ይወጣሉ። መፍትሔው የሚታተመውን አንድ ፋይል ብቻ የያዘ ፍላሽ መውሰድ ነው። የመመረቂያ ጽሑፍና የቤተሰብ ፎቶ በአንድ ፍላሽ ይዞ ወደ ማተሚያ ቤት መሄድ ተገቢ አይደለም።

በዚህ ላይ ፋይዳ ተጨምሯል። የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ከወጣ ወዲህ የፋይዳ ካርድ ማሳተም የእነዚህ ቤቶች የዕለት ሥራ ሆኗል። ምዝገባው የአሥሩንም ጣቶች አሻራ፣ የሁለቱን ዓይኖች ብሌንና የፊት ፎቶ ይወስዳል። ፓስወርድ ቢሰረቅ ይቀየራል፣ አሻራ ግን አይቀየርም። ባለ 12 አሃዙ የፋይዳ ቁጥር በምስጢር የሚያዝ ነው፤ ለማንም በቴሌግራም የሚላክ አይደለም። የመታወቂያ ኮፒ ለሰው መስጠት ግድ ሲሆን በኮፒው ላይ «ለባንክ ሒሳብ መክፈቻ ብቻ» ብሎ ከነቀኑ በእስክሪብቶ መጻፍ ጥሩ ልማድ ነው። ያ ኮፒ ለሌላ ጉዳይ ቢቀርብ ጽሑፉ ራሱ ይመሰክራል።

ጥገና ቤትና ያገለገለ ስልክ

የሐዋሳ ስልክ ጠጋኞች እጃቸው የተባረከ ነው። ሌላ ቦታ «ይጣል» የተባለ ስልክ እዚህ ተነስቶ ሲሠራ አይተናል። ግን ስልኩን ሲቀበሉ «ፓተርኑን ሣልልኝ» ማለት ልማድ ሆኗል፤ ደንበኛውም ሳያስብ ይሥላል። ስክሪን ወይም ባትሪ ለመቀየር የውስጥ ፎቶና መልእክት መክፈት አያስፈልግም። ከአንድሮይድ 13 ወዲህ ያሉ ብዙ የሳምሰንግ ስልኮች «ሜንተናንስ ሞድ» የሚባል ነገር አላቸው። ሲበራ ጠጋኙ ስልኩን ይፈትሻል፣ የባለቤቱን ፎቶና መልእክት ግን አያይም። ይህ በሌለበት ስልክ ሲሙንና ሚሞሪ ካርዱን አውጥቶ መስጠት፣ ከተቻለም አጠገብ ተቀምጦ መጠበቅ ይሻላል።

ስልክ ሲሸጥ መጀመሪያ ከጉግል አካውንት መውጣት፣ ከዚያ ሙሉ ሪሴት ማድረግ ነው። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ገዢው የሻጩን ፓስወርድ እየጠየቀ ሲደውል ይከርማል።

ስልክ ሲጠፋ

ባጃጅ ውስጥ የወደቀ፣ መናኸሪያ ላይ የተነጠቀ ስልክ ስክሪኑ ቢቆለፍም ሲሙ ግን ተነቅሎ ሌላ ስልክ ላይ ሊገባ ይችላል። ያኔ የባንኩም የቴሌግራሙም ማረጋገጫ ኮድ ለሌባው ይደርሳል። መከላከያው የሲም ፒን ነው። ሲሙ ሌላ ስልክ ላይ ሲገባ ፒን ይጠይቃል። ፒኑ ሦስት ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ይቆለፍና ፒዩኬ የሚባለውን የመክፈቻ ቁጥር ይጠይቃል። ፒዩኬው አሥር ጊዜ ከተሳሳተ ሲሙ ጨርሶ ይሞታል። ስለዚህ ፒዩኬው የተጻፈበትን፣ ሲሙ የመጣበትን ካርድ አለመጣል ነው። የሲም ፒንን ያህል ጠቃሚ ሆኖ የተዘነጋ ነገር የለም ብዬ አምናለሁ።

*#06# ሲደወል የሚወጣውን ባለ 15 አሃዝ የስልኩን መለያ ቁጥር ወረቀት ላይ ጽፎ ቤት ማስቀመጥ ለፖሊስ ማመልከቻ ይረዳል። መልእክት ሲመጣ ይዘቱ በተቆለፈ ስክሪን ላይ እንዳይታይ ማድረግም ያው የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው።

ኮድ የሚጠይቁ ሰዎች

«ከባንክ ነው የምንደውለው፣ አካውንትዎ ሊዘጋ ነው።» «ተሳስቼ ብር ልኬብሃለሁ፣ በእናትህ መልስልኝ።» «ሽልማት ወጥቶልዎታል።» ቃሉ ይለያያል እንጂ መድረሻው አንድ ነው፤ ወይ ፒን ወይ በመልእክት የመጣ ኮድ። እውነተኛ የባንክ ሠራተኛ ሁለቱንም አይጠይቅም። ተሳስቶ ገባ የተባለ ብርም ከመመለሱ በፊት መታየት ያለበት በደረሰው መልእክት ሳይሆን በራስ ሒሳብ ቀሪ ላይ ነው። መልእክት በማንም ስልክ ተጽፎ ሊላክ ይችላል። ሱቅ ያላቸው ሰዎችም የክፍያ ስክሪን ሾት አይተው ዕቃ ባይሰጡ ይመረጣል።

አንዳንዱ አጭበርባሪ ደግሞ የኮከብና የመሰላል ምልክት ያለበት ቁጥር አስደውሎ የሰውየውን ጥሪ ወደ ራሱ ስልክ ያዞራል። *#21# ጥሪ መዞር አለመዞሩን ያሳያል፣ ##002# ደግሞ የዞረውን ሁሉ ይመልሳል።

ቴሌግራም ላይ «ለውድድር ድምፅ ስጪኝ፣ ኮዱን ላኪልኝ» የሚል መልእክት ከጓደኛ አካውንት ይመጣል። የጓደኛዋ አካውንት አስቀድሞ ተወስዷል። ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ያበራ ሰው ኮዱ ቢያመልጠው እንኳ አካውንቱ በቀላሉ አይወሰድበትም። የቴሌግራም ተራ ንግግር ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም የማያነበው፣ አለመሆኑም መታወቅ አለበት፤ «ሚስጥራዊ ንግግር» የሚባለው ብቻ ነው እንደዚያ የሆነው። ዋትስአፕ ግን ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ሁሉንም ያመሰጥራል።

ፎቶ በሐይቅ ዳር

ፍቅር ሐይቅና አሞራ ገደል ላይ ፎቶ ተነስቶ በቴሌግራም መቀበል የሐዋሳ ጉብኝት አንድ አካል ነው። ፎቶውን ለመቀበል ስልክ ቁጥር ይሰጣል። አንዳንዴ የሙሽሮች ወይም የወጣት ሴቶች ፎቶ ሳይፈቅዱ ማስታወቂያ ሆኖ ይለጠፋል። ብዙ ሰው የማያውቀው በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 ይህን መከልከሉን ነው። የሰው ፎቶ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ አይታይም፣ አይባዛም፣ አይሸጥም።

ሕጉ

የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 በስልክና በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ የሚደረግ ግንኙነትን ከመደፈር ይጠብቃል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሰው ሲስተም መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ አገልግሎት ሰጪዎች የግንኙነት መረጃን ቢያንስ 1 ዓመት እንዲያቆዩም ያዛል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ደግሞ በዘርፉ የመጀመሪያው ራሱን የቻለ ሕግ ነው። ሰው መረጃውን የማየት፣ የማሳረምና የማሰረዝ መብት አለው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ይህ አዋጅ በምክር ቤት በጸደቀበት በመጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ በሲስተም ችግር የወጣበትን ገንዘብ አልመለሱም ያላቸውን ሰዎች ስምና ፎቶ ለጥፎ ነበር። ባንኩ የሕዝብ ገንዘብ ማስመለስ ነበረበት የሚሉ አሉ፤ ከግላዊነት አንጻር ልክ አይደለም የሚሉም አሉ። የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲው ሲትዝን ላብ በ2005 እና በ2010 ዓ.ም. ኢትዮጵያን ከስለላ ሶፍትዌሮች ጋር ያያያዙ ሪፖርቶች አውጥቷል። እነዚያ ያተኮሩት በጋዜጠኞችና በተቃዋሚዎች ላይ ነበር።

ጉዳት የደረሰበት ሰው መጀመሪያ የሚደውልበትን ቁጥር ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን በወረቀት ቢይዝ ይመረጣል። ኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ቴሌብር 127፣ ንግድ ባንክ 951 ነው። ሲሙ ቀድሞ ይዘጋ፣ ሒሳቡ ይከተል፤ ከዚያ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ይኬዳል።