ኪሎው ወርዶ ሆዱ ለምን ቀረ? የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

30 ወይም 40 ኪሎ የቀነሰ ሰው ከባዱን ሥራ ጨርሷል። ደረጃ ሲወጣ ትንፋሹ አይቆራረጥም፣ ጉልበቱን አያመውም፣ የድሮ ልብሱ ሁሉ ሰፍቶታል። መስታወት ፊት ሲቆም ግን ከእምብርቱ በታች ተንጠልጥሎ የቀረው ነገር ያን ሁሉ ልፋት ያስረሳዋል። ከዚያ በየአቅጣጫው ምክር ይመጣል፦ ሲት አፕ አብዛ፣ ወገብህን እሰር፣ እራት ተው። መካሪዎቹ ቅን ናቸው፤ አብዛኛው ምክር ግን ገና ከመነሻው ይስታል። የቀረው ነገር ስብ ይሁን፣ ቆዳ ይሁን ወይም የላላ ጡንቻ ሳይለይ መፍትሔ ይታዘዛል። ሦስቱ ደግሞ የተለያዩ ናቸው፤ ለአንዱ የሚበጀው ሌላውን ሊያባብስ ይችላል።

«የቀረው ሁሉ ስብ ነው፤ ሌላ 5 ኪሎ ብቀንስ ይጠፋል»

ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ስለሆነ ዘርዘር አድርጌ ላስረዳ። ቆዳ ጥንካሬውን የሚያገኘው ኮላጅን ከሚባለው ፕሮቲን ነው፤ ተለጥጦ የመመለስ አቅሙን ደግሞ ኤላስቲን ይሰጠዋል። ሆድ ለዓመታት ተወጥሮ ሲቆይ እነዚህ ክሮች ይጎዳሉ፣ ይበጣጠሳሉ። በውስጡ የነበረው ስብ ሲወጣ ቆዳው ወደ ቀድሞ ልኩ ለመመለስ የሚያስችለው ክር በበቂ አይኖረውም። ምን ያህል እንደሚሰበሰብ የሚወስኑት ብዙ ነገሮች ናቸው፦ ዕድሜ፣ የተቀነሰው ኪሎ ብዛት፣ ውፍረቱ የቆየበት ዘመን፣ እርግዝና፣ ሲጋራ፣ ከወላጅ የተወረሰ የቆዳ ዓይነት። አንድ ዓይነት ኪሎ የቀነሱ ሁለት ሰዎች ሆዳቸው የተለያየ የሚሆነው ለዚህ ነው። አንዱ ሰነፍ፣ ሌላው ትጉህ ስለሆነ አይደለም።

ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ቀጥ ብለው ቆመው ከእምብርትዎ በታች ያለውን በሁለት ጣት ቆንጥጠው ይያዙ። በጣቶችዎ መካከል ወፍራምና ሞላ ያለ ነገር ከተሰማዎት ከቆዳው ሥር ገና ስብ አለ። ስስ፣ የተጨማደደ፣ ጎንበስ ሲሉ ወደ ታች የሚንጠለጠል ከሆነ ግን የያዙት በአብዛኛው ቆዳ ነው። ብዙ ሰው ላይ ሁለቱም አሉ፤ ላይኛው ሆድ ቆዳ ብቻ ሆኖ ታችኛው ስብ ያዘለ ሊሆን ይችላል።

ልዩነቱ ይህን ያህል የሚያሳስበኝ ምክንያት አለኝ። ቆዳውን ስብ ነው ብሎ ያመነ ሰው መራቡን ይቀጥላል። ቆዳ ግን በረሃብ አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ጡንቻ ነው። ጡንቻው ሲሳሳ ቆዳውን ከውስጥ የሚሞላው ይጠፋና ሆዱ ይበልጥ ይላላል። ሰውየው ይህን አይቶ እንደገና ምግብ ይቀንሳል። ብዙዎች ጤናቸውን የሚያጡት በዚህ አዙሪት ውስጥ ገብተው ነው።

ቆዳው ምንም አይሻሻልም ማለት ግን አይደለም። ክብደት ከረጋ በኋላ ለብዙ ወራት ቀስ እያለ መሰብሰቡን ይቀጥላል፤ በተለይ በወጣቶችና መጠነኛ ኪሎ በቀነሱ ሰዎች ላይ። ስለዚህ ኪሎው በቆመ ማግስት ስለ ሆድ የመጨረሻ ፍርድ መስጠት መቸኮል ነው።

«ሲት አፕ ከሠራሁ የሆዴ ስብ ይቃጠላል»

ጡንቻ ሲሠራ ነዳጁን የሚያገኘው አጠገቡ ካለው ስብ አይደለም። የስብ ሴሎች በሆርሞን ሲታዘዙ ስባቸውን ወደ ደም ይለቃሉ፤ ደሙ ደግሞ ከመላው ሰውነት የሰበሰበውን ለሚሠራው ጡንቻ ያደርሳል። በ2011 በታተመ ጥናት 24 ሰዎች ተሳትፈው ከፊሎቹ በሳምንት 5 ቀን፣ ለ6 ሳምንት የሆድ እንቅስቃሴ ሠርተው ነበር። የሆድ ጡንቻቸው ጽናት ጨመረ፤ የሆዳቸው ስብ ግን ካልሠሩት ጋር ሲነጻጸር አልቀነሰም። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1971 በቴኒስ ተጫዋቾች ላይ የተሠራ ጥናትም ተመሳሳይ ነገር አሳይቷል። ራኬት የሚይዘው ክንድ ከሌላው እጅግ የበለጠ ቢሠራም ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ውፍረት ከሌላኛው ክንድ አልተለየም።

ታዲያ የታችኛው ሆድ ስብ ለምን መጨረሻ ላይ ይቀራል? የስብ ሴሎች ሁሉ ለሆርሞን እኩል አይታዘዙም። አድሬናሊን ሲመጣ «ልቀቅ» የሚለውን መልእክት የሚቀበሉ ተቀባዮች አሉ፤ «ያዝ» የሚሉም አሉ። በታችኛው ሆድ፣ በሴቶች ደግሞ በዳሌና በጭን ላይ፣ የሚይዙት ይበዛሉ። በአንጀትና በጉበት ዙሪያ የሚከማቸው የውስጥ ስብ ግን ቶሎ ይታዘዛል። ለልብ በሽታና ለስኳር ይበልጥ የሚያጋልጠው ይኸው የውስጡ ስብ ነው፤ ብዙ ኪሎ የቀነሰ ሰው ደግሞ ከዚህ ላይ ብዙ አራግፏል። መስታወት ይህን አያሳይም፤ የሜትር ክር ግን ፍንጭ ይሰጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአደጋ መጨመር መነሻ ብሎ የሚጠቅሰው የወገብ ልክ ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲ ሜትር ሲሆን፣ 102 እና 88 ሲያልፍ አደጋው ከፍ ይላል። የሚለካው ከመጨረሻው የጎን አጥንትና ከዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል፣ ትንፋሽ ከወጣ በኋላ ነው። የላላ ቆዳ ተደራርቦ ልኩን ከፍ ሊያደርገው እንደሚችል ግን አይርሱ።

ሲት አፕና ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) ከንቱ ናቸው አላልኩም። የሆድና የወገብ ጡንቻን ያጠነክራሉ፣ አቋምን ያስተካክላሉ። ነገር ግን ያለዎት ጊዜ ትንሽ ከሆነ ቅድሚያውን ብዙ ጡንቻ በአንድ ጊዜ ለሚያሠራ እንቅስቃሴ ይስጡ፦ ቁጢጥ ብሎ መነሳት፣ ክብደት ከመሬት ማንሳት፣ ፑሽ አፕ፣ ወደ ራስ መጎተት። በሳምንት 2 ወይም 3 ቀን፣ ክብደቱን ቀስ በቀስ እየጨመሩ። እዚህ ላይ «ክብደት ካነሳሁ እንደ ወንድ እፈረጥማለሁ» ብለው የሚሰጉ ሴቶች አሉ። ጡንቻ የሚያሳድገው ሆርሞን፣ ቴስቶስትሮን፣ በሴት ላይ ከወንድ በብዙ እጥፍ ያነሰ ስለሆነ ትልልቅ ጡንቻ ሳይታሰብ አይበቅልም፤ ሆነ ብለው ለዓመታት የሚሠሩበት እንኳ የሚያገኙት በብዙ ድካም ነው።

«ስቡን ወደ ጡንቻ እለውጠዋለሁ»

አይለወጥም። የስብ ሴልና የጡንቻ ሴል የተለያዩ ናቸው። 10 ኪሎ ስብ ሲቃጠል 8.4 ኪሎው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆኖ በትንፋሽ ይወጣል፤ የቀረው 1.6 ኪሎ ውሃ ይሆናል። የስብ ሴሎቹ ራሳቸው በአብዛኛው አይጠፉም፤ እንደ ባዶ ከረጢት ተሸብሽበው ይቀመጣሉ። ቸልታ ሲመጣ ቶሎ የሚሞሉትም በቦታቸው ስላሉ ነው።

«ኪሎው ከቆመ ምግብ ይበልጥ መቀነስ አለብኝ»

ክብደት ሲወርድ ሰውነት ወጪውን ይቆጥባል። ትንሽ አካል ትንሽ ጉልበት ይበቃዋል፤ ከዚያም አልፎ ሰውነት ከሚጠበቀው በታች ማቃጠል ይጀምራል። በአሜሪካ የቴሌቪዥን ክብደት የመቀነስ ውድድር የተካፈሉ 14 ሰዎች ከ6 ዓመት በኋላ ሲለኩ፣ በዕረፍት ላይ ሆነው የሚያቃጥሉት ካሎሪ ለሰውነታቸው ልክ ከሚጠበቀው በቀን 500 ገደማ ያነሰ ነበር። ጥናቱ በ2016 ታትሟል። የጥጋብን ምልክት የሚሰጠው ሌፕቲን ይቀንሳል፣ ረሃብን የሚቀሰቅሰው ግሬሊን ይጨምራል። ይህ ሁሉ የፈቃድ ድክመት ሳይሆን የሰውነት ራስን መከላከል ነው፤ ራሳቸውን የሚወቅሱ ሰዎች ይህን ቢያውቁ ምንኛ በጠቀማቸው!

በዚህ ወቅት ከበፊቱ የባሰ መራብ ጡንቻን ያስበላል። የሚሻለው ምግቡን ሰውነት በሚፈልገው ልክ አቁሞ ለጥቂት ወራት ክብደቱን ማርጋት፣ ፕሮቲን ማሟላትና ጡንቻ መገንባት ነው። ክብደት ለሚያነሳ ጤነኛ ሰው በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት ከ1.2 እስከ 1.6 ግራም ፕሮቲን ተገቢ ልክ ነው፤ 70 ኪሎ ለሚመዝን ከ84 እስከ 112 ግራም ይሆናል። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን ሐኪሙን ሳያማክር ፕሮቲን መጨመር የለበትም።

እንቅልፍም አለ፤ ጉዳዩ በጣም ይዘነጋል። በ2010 በታተመ አንድ አነስተኛ ጥናት፣ 10 ሰዎች ተመሳሳይ ካሎሪ እየበሉ አንዴ 8.5 ሰዓት፣ ሌላ ጊዜ 5.5 ሰዓት አልጋ ላይ እንዲያሳልፉ ተደረገ። የቀነሱት ኪሎ ተቀራራቢ ነበር፤ እንቅልፍ ባነሰበት ወቅት ግን ከቀነሱት ውስጥ ስብ የሆነው በግማሽ ያህል አነሰ፤ በምትኩ የሄደው ጡንቻን ጨምሮ ከስብ ውጭ ያለው አካል ነው።

«ወገብ ማሰሪያ፣ ላስቲክ ልብስና ክሬም ያጠብቁታል»

ላብ ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል። ማሰሪያው ሆድን የሚያሳንሰው እስከታሰረ ድረስ ብቻ ነው። ክሬም የቆዳውን ላይኛ ክፍል ሊያለሰልስ ይችላል፤ በጥልቁ የተበጠሰውን ክር ግን አይቀጥልም። ገንዘብዎን ይቆጥቡ።

«ቀስ ብዬ ብቀንስ ቆዳዬ አይላላም ነበር»

ቀስ ብሎ መቀነስ ጡንቻን ለማትረፍ ይረዳል። ለዓመታት የተለጠጠን ቆዳ ግን ፍጥነት ብቻውን አያድነውም። ቶሎ በመቀነስዎ የሚጸጸቱ ከሆነ ይህን ሸክም ያውርዱ።

«ሆዴ ወደ ፊት የሚገፋው ስላልቀጠንኩ ነው»

ቀጭን ሆኖም ሆዱ የሚገፋ ሰው አለ። በሆድ መሐል ከላይ ወደ ታች የሚወርዱ ሁለት የጡንቻ ዘርፎች አሉ፤ የሚያገናኛቸው ስስ ጅማት በእርግዝና ወይም በብዙ የሆድ ውስጥ ስብ ሲወጠር ይሰፋል፣ ጡንቻዎቹም ይራራቃሉ። ወንዶችም ላይ ይከሰታል። ለመፈተሽ በጀርባዎ ተኝተው ጉልበትዎን ያጥፉ፤ ራስዎን ትንሽ ቀና ሲያደርጉ በእምብርት አካባቢ በመሐል መስመር ላይ ጣትዎን ይጫኑ። ሁለት ጣት ወይም ከዚያ በላይ የሚያስገባ ክፍተት ካለ፣ ወይም መሐሉ እንደ ሸንተረር ከጎበጠ፣ ፊዚዮቴራፒስት ይመልከትዎ። ሲት አፕ ሲሠሩ ሸንተረሩ የሚወጣ ከሆነ ለጊዜው ይተዉት፤ በትንፋሽ እየታገዙ የውስጠኛውን የሆድ ጡንቻ በሚያሠሩ እንቅስቃሴዎች ይጀምሩ። ክፍተቱ ሙሉ በሙሉ ባይዘጋ እንኳ የሆዱ ጥንካሬና የወገቡ ምቾት ይሻሻላል።

ሲያስሉ ወይም ሲቆሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ወጣ የሚል እብጠት ካለ ግን ሄርኒያ (የውስጥ አካል በሳሳ የሆድ ግድግዳ በኩል ሲወጣ) ሊሆን ስለሚችል ሐኪም ይየው። እብጠቱ ጠንክሮ አልመለስ ካለ፣ ካመመና ካስመለሰዎት ቀጠሮ አይጠብቁ፤ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይሂዱ።

«የላላ ቆዳ የመልክ ጉዳይ ብቻ ነው»

ይህን የሚሉት ያልደረሰባቸው ናቸው። በቆዳው እጥፋት ውስጥ ሙቀትና እርጥበት ይታመቃል፤ ቆዳ ከቆዳ ሲፋተግ ይቆስላል፣ ፈንገስ ይራባበታል። በየቀኑ አጥቦ፣ ሳያሹ በጨርቅ ነካ ነካ እያደረጉ ማድረቅና በእጥፋቱ መካከል ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ማስገባት ይረዳል። ስፖርት ሲሠሩ ሆድን ደግፎ የሚይዝ ከፍ ያለ ሱሪ ማድረግም መፋተጉን ይቀንሳል። ከቀላ፣ ከሸተተ ወይም ፈሳሽ ካወጣ የፈንገስ መድኃኒት ሊያስፈልግ ስለሚችል መታየት አለበት። ተመላልሶ የሚመጣ ከሆነ በየጊዜው መመዝገቡ ጠቃሚ ነው፤ ቀዶ ጥገና ለጤና እንደሚያስፈልግ የሚያሳይ ማስረጃ ይሆናልና።

«ሊፖሰክሽን ይገላግለኛል»

ሊፖሰክሽን ከቆዳ ሥር ስብን መጥጦ ያወጣል እንጂ ቆዳ አይቆርጥም። ቆዳው የመሰብሰብ አቅም ከሌለው ስቡ ሲወጣ ይበልጥ ይንጠለጠላል። የተትረፈረፈ ቆዳን የሚያነሳው ሌላ ዓይነት ቀዶ ጥገና ነው፤ እሱም ሁለት ነው። አንዱ የተንጠለጠለውን ቆዳና ስብ ብቻ ቆርጦ ያነሳል። ሌላው ከዚያ አልፎ የተራራቁትን ጡንቻዎች ሰፍቶ ያቀራርባል፣ እምብርቱንም በአዲስ ቦታው ያስተካክላል። ሁለቱም በታችኛው ሆድ ከዳሌ እስከ ዳሌ የሚደርስ ጠባሳ ይተዋሉ። ከቁስል ሥር ፈሳሽ መጠራቀም፣ ኢንፌክሽን፣ የቁስሉ ቶሎ አለመዳንና በእግር ደም ሥር ደም መርጋት የታወቁ ችግሮች ናቸው።

ቀዶ ጥገናን እንደ ሽንፈት ከሚያዩት ጋር አልስማማም። ሁሉን አድርጎ ቆዳ ብቻ የቀረው ሰው መቁረጡን ቢመርጥ መብቱ ነው፤ ላለመቁረጥ የወሰነም እንዲሁ። ጊዜውን መጠበቅ ግን ግድ ነው። ክብደት ቢያንስ ለ6 ወር የረጋ መሆን አለበት፤ በጨጓራ ቀዶ ጥገና የቀነሱ ሰዎች ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር እንዲጠብቁ ይነገራቸዋል። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከወሊድ በኋላ ብታደርገው ይሻላል፤ እርግዝናው መልሶ ይለጥጠዋልና። የሚያጨስ ሰው ከቀዶ ጥገናው በፊት ቢያንስ 4 ሳምንት፣ ከዚያም በኋላ ማቆም አለበት፤ ኒኮቲን ለቁስሉ የሚደርሰውን ደም ስለሚቀንስ። ከጨጓራ ቀዶ ጥገና በኋላ የአይረን፣ የቫይታሚንና የፕሮቲን እጥረት የተለመደ ስለሆነ አስቀድሞ የደም ምርመራ ይደረግ፤ እጥረት ካለ ቀኑን አራዝሞ እሱን ማስተካከል ይቀድማል።