በአካሌዥያ የበሽታ መከላከያ ሕዋሳት ሚና ምንድን ነው?

የዋጡት ምግብ ደረታቸው ላይ ለሚቆምባቸው ሕሙማን «የበሽታ መከላከል አቅምዎ ስለ ደከመ ነው፤ አቅም የሚገነባ ነገር ይውሰዱ» የሚል ምክር በየጊዜው ይሰጣል። ሰሞኑንም አንድ አስተያየት ሰጪ ስለ አካሌዥያ፣ ማለትም የምግብ መውረጃ ቧንቧ የታችኛው መዝጊያ ጡንቻ አልላላ ብሎ ምግብ ወደ ጨጓራ እንዳይወርድ ስለሚያደርገው በሽታ፣ ይህንኑ በሙሉ እርግጠኝነት ጽፈው አነበብኩ። ለዚህ አባባል ማስረጃ የለም፤ በእጃችን ያለው ማስረጃ የሚያመለክተው ተቃራኒውን ነው።

በአካሌዥያ የሚጠፉት በምግብ መውረጃ ቧንቧ የጡንቻ ንብርብሮች መካከል የሚገኙት፣ በተለይም ናይትሪክ ኦክሳይድ እየለቀቁ የታችኛው መዝጊያ ጡንቻ እንዲላላ የሚያደርጉት የነርቭ ሕዋሳት ናቸው። በቀዶ ሕክምና በተወሰዱ ናሙናዎች ላይ፣ በእነዚህ ነርቮች ዙሪያ ቲ ሊምፎሳይት የሚባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ተሰብስበው ይታያሉ፤ ብዙዎቹም ሌላ ሕዋስ መግደል የሚችሉ ናቸው። በ2014 የታተመ የዘረመል ጥናት ደግሞ በሽታው ኤችኤልኤ-ዲኪው ከተባለው፣ መከላከያው የራሱን ከባዕድ ለመለየት ከሚጠቀምበት የዘር ክፍል ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ስለዚህ የሚጠረጠረው የመከላከያው መድከም ሳይሆን ዒላማውን መሳቱ ነው።

ይሁን እንጂ «ሕዋሳቱ እዚያ ስለ ተገኙ ገዳዮቹ እነርሱ ናቸው» ብሎ መደምደምም ስሕተት ነው። ቤት በተቃጠለበት ግቢ ከተሰበሰበው ሰው መካከል እሳቱን ሊያጠፋ የመጣ አለ፤ ፍርስራሽ ሊያነሣ የመጣም አለ፤ እሳቱን የለኮሰው ደግሞ ቀድሞ ሄዶ ሊሆን ይችላል። እኛ የፓቶሎጂ ባለሙያዎች ብዙውን ጊዜ የምንደርሰው እሳቱ ከበረደ በኋላ ነው፤ ናሙናው የሚመጣልን በሽታው ለዓመታት ከቆየ፣ የነርቭ ሕዋሳቱም ከተመናመኑ በኋላ ነውና። ለኳሹ ተሐዋሲ ሊሆን እንደሚችል በላቲን አሜሪካ የሚገኘው የቻጋስ በሽታ ያስረዳል፤ ትሪፓኖሶማ ክሩዚ የተባለው ጥገኛ ተሐዋሲ የሚያስነሣው ብግነት እነዚሁን ነርቮች ያጠፋል። በሌሎች ሕሙማን የሄርፒስ ቫይረስ ተጠርጥሯል፤ አልተረጋገጠም።

ሳይጠየቅ ሊነገር የሚገባው ሌላም ነገር አለ። በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ የሚወሰደው ናሙና አብዛኛውን ጊዜ የላይኛውን ሽፋን ብቻ ስለሚይዝ፣ «ናሙናው ደኅና ነው» የሚለው ውጤት ከጡንቻው መካከል ስላሉት ነርቮች የሚናገረው የለም፤ አካሌዥያን የሚለየው በማኖሜትሪ የሚደረግ የግፊት ልኬት ነው። በሽፋኑ ላይ በአንድ የማይክሮስኮፕ እይታ 15 እና ከዚያ በላይ ኢዮሲኖፊል የተባለው ነጭ የደም ሕዋስ ከተቆጠረ ግን የሚታሰበው ሌላ በሽታ፣ ኢዮሲኖፊሊክ ኢሶፋጋይቲስ ነው። እርሱም የቧንቧውን እንቅስቃሴ ሊያውክ ይችላል፤ ሕክምናው ግን የተለየ ነው።

የሞቱት ነርቮች ስለማይመለሱ፣ የአካሌዥያ ሕክምና መዝጊያውን በፊኛ መለጠጥ ወይም ጡንቻውን መቁረጥ ነው፤ ኤርንስት ሄለር ቀዶ ሕክምናውን የጀመረው በ1913 ነበር። መከላከያን «የሚገነባ» መድኃኒት እየጠጡ ወራትን ማሳለፍ የሚያስከትለው አደጋ መዘግየት ብቻ አይደለም፤ በጨጓራ መግቢያ ላይ የበቀለ ዕጢ አካሌዥያን ሊመስል ይችላል፤ በተለይም ዕድሜው የገፋና በአጭር ጊዜ ክብደቱ የቀነሰ ሰው ሳይዘገይ በኢንዶስኮፒ መታየት አለበት።