ማሽኑ ውኃ አይስብም፦ ስለ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ግዢ የተለመዱ ስሕተቶችና እውነታው

ከቱሉ ዲምቱ እስከ ኮዬ ፈጬ ባሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች እየተዘዋወረ የልብስ ማጠቢያ ማሽን የሚጠግን ሰው ከሁሉ አብዝቶ የሚሰማው ጥያቄ «የማይበላሽ ብራንድ የቱ ነው?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ቅን መሆናቸውን አውቃለሁ፤ ሆኖም ለጥገና ከምጠራባቸው አዳዲስ ማሽኖች መካከል ብዙዎቹ ጨርሶ ያልተበላሹ፣ የቤቱ ውኃና መብራት ሳይታይ በመገዛታቸው ብቻ አልሠራ ብለው የቆሙ ናቸው። ስለዚህ በጠባብ በጀት አዲስ ማሽን ለመግዛት ያሰበ ሰው የብራንድ ስም ማነፃፀር ከመጀመሩ በፊት፣ እኔ እየሰማሁ የሰለቸኋቸውን የሚከተሉትን አባባሎች ከነእርማታቸው ቢያነብ ገንዘቡን ያድናል ብዬ አምናለሁ።

«ማሽኑ ውኃውን ራሱ ይስባል»

ይህን የሚለው ገዢ ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልተቆጣሁ ነበር፤ ዕቃውን የሚሸጡ ሰዎችም በልበ ሙሉነት ሲናገሩት እሰማለሁ። «ሮቶ ካለዎት ይበቃል፣ እሱ ራሱ ይስበዋል» ተብሎ የተሸጠ ማሽን አራተኛ ፎቅ ድረስ በሸክም ይወጣል፤ ከዚያም «ውኃ አልስብ አለ፣ ፓምፑ ተቃጥሏል መሰለኝ» ተብሎ እኔ እጠራለሁ።

እውነታው ይህ ነው። በማሽኑ ውስጥ ያለው ፓምፕ ከታች ተቀምጦ የቆሸሸውን ውኃ ወደ ውጭ የሚገፋ ሲሆን፣ ውኃ የሚያስገባ ፓምፕ ግን የለውም። በመግቢያው በኩል ያለው በኤሌክትሪክ የሚከፈትና የሚዘጋ ቫልቭ ብቻ ነው። ቫልቩ መንገዱን ይከፍታል፤ ውኃው የሚገባው በራሱ ግፊት ነው። አምራቾችም የሚያስፈልገውን ዝቅተኛ ግፊት በመመሪያው ላይ ይጽፉታል፤ ከፊት በሚከፈቱት ማሽኖች ላይ ብዙውን ጊዜ 0.5 ባር (ባር የግፊት መለኪያ ነው)፣ በአንዳንዶቹ ደግሞ 0.3 ባር ነው። መመሪያው በሜጋፓስካል የተጻፈ ከሆነ 0.05 ሜጋፓስካል ማለት ያው 0.5 ባር ነው።

ስሌቱን ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል። አንድ ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ 0.1 ባር ያህል ግፊት ስለሚሰጥ፣ 0.5 ባር ለማግኘት የሮቶው ውኃ ከማሽኑ መግቢያ 5 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት። በረንዳ ላይ በብረት መቆሚያ ላይ የተሰቀለና ከማሽኑ በ1 ሜትር ተኩል ብቻ የሚበልጥ ሮቶ የሚሰጠው 0.15 ባር ነው። ሮቶው 500 ሊትር ይያዝ 2,000 ሊትር ለግፊቱ ለውጥ የለውም፤ ግፊትን የሚወስነው ከፍታ ነው። ይህን ስነግራቸው «ትልቅ ሮቶ ልግዛ?» የሚሉኝ ደንበኞች አሁንም አሉ።

በአንድ ብሎክ ውስጥ ምድር ላይና አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሁለት ጎረቤታሞች ተነጋግረው ከአንድ ሱቅ አንድ ዓይነት ማሽን ገዝተው ነበር። ሁለቱም ውኃ የሚያገኙት ጣሪያው ላይ ካለው የጋራ ሮቶ ነው። የታችኛዋ ጎረቤት በዚያው ዕለት ልብሷን አጠበች፤ የላይኛዋ ማሽን ግን ውኃ እየጠበቀ ቆይቶ የስሕተት ምልክት አሳየ፤ እርሷም ጉድለት ያለበት ዕቃ ተሰጠኝ ብላ ከሻጩ ጋር ተጣላች። ለማስረዳት ብዙ ከደከምኩ በኋላ የላይኛውን ማሽን አውርደን ምድር ቤት ብንገጥመው ያለ አንዳች ችግር አጠበ። ጣሪያው ላይ ያለው ሮቶ ለምድር ቤት ከ10 ሜትር በላይ ሲርቅ፣ ለአራተኛ ፎቅ ግን ከ3 ሜትር ብዙም አያልፍም ነበር።

በዚህ ላይ የግፊት ማነስ ጉዳቱ ውኃ አለመግባት ብቻ አይደለም። ብዙዎቹ ቫልቮች ጥብቅ ብለው የሚዘጉት በውኃው ግፊት ታግዘው ስለሆነ፣ ግፊቱ እጅግ ሲያንስ ማሽኑ ጠፍቶም ቢሆን ውኃ ጠብ ጠብ እያለ ወደ ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። በፈረቃ በሚመጣ ውኃ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ይጨመራል፤ ውኃው ቆይቶ ሲለቀቅ መጀመሪያ የሚመጣው ዝገትና ደለል የያዘ በመሆኑ፣ በቱቦው ጫፍ ያለችውን ትንሽ ማጣሪያ ይደፍናታል። እርሷን ፈትቶ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ማጽዳት ማንም የሚችለው ሥራ ነው፤ እኔን ለዚህ ጠርቶ የአገልግሎት ክፍያ መክፈል ግን እውነቱን ለመናገር ያሳፍራል። ኤልጂ ማሽን «አይ ኢ»፣ ሳምሰንግ ደግሞ «4ሲ» ወይም በቆዩት ሞዴሎች «4ኢ» የሚል ምልክት ካሳየ፣ ባለሙያ ከመጥራትዎ በፊት ቧንቧውንና ይህችን ማጣሪያ ይመልከቱ።

ስለዚህ ወደ መርካቶ ከመሄድዎ በፊት ማሽኑ በሚቀመጥበት ቦታ ያለውን ቧንቧ ሙሉ በሙሉ ከፍተው ባለ 10 ሊትር ባልዲ ይደቅኑበት። በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልሞላ ከሦስት አንዱን መምረጥ ግድ ይሆናል፦ በዝቅተኛ ግፊት እንደሚሠራ በመመሪያው የተጻፈለት ማሽን መፈለግ፣ ከሮቶው ቀጥሎ ራሱ የሚነሳና የሚጠፋ ትንሽ የግፊት ፓምፕ ማስገጠም፣ ወይም ማንዋል ማሽን (በባልዲ የሚሞላውን ባለ ሁለት ገንዳ) መግዛት። ፓምፕ ለማስገጠም የወሰነ ሰው ዋጋውን ከማሽኑ በጀት ላይ ይቀንስ፤ ፓምፑም ከሮቶው እንጂ ከዋናው መስመር ላይ መገጠም የለበትም፤ ከመስመሩ በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ የጎረቤትን ውኃ ይቀማል።

«ማንዋል ማሽን ገንዘብ ማባከን ነው»

ይህን የሚሉት ብዙውን ጊዜ ውኃ ሳይቋረጥ በሚያገኙ ሰፈሮች የሚኖሩ ዘመዶች ናቸው። ሁለት ገንዳ ያለው፣ በአንዱ አጥቦ በሌላው የሚጨምቀው ማሽን በባልዲ ስለሚሞላ የቧንቧ ግፊት አያሻውም። ማሞቂያም ኤሌክትሮኒክስ ቦርድም ስለሌለው የሚበላሽበት ነገር ጥቂት ነው፤ ሰዓት መቁጠሪያው፣ ካፓሲተሩ ወይም ቺንጋው ቢሄድ መለዋወጫው በቀላሉ ይገኛል። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ የት እንደደረሰ ላየ ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ነጩን ልብስ አስቀድሞ ካጠቡ በኋላ በዚያው የሳሙና ውኃ ጥቁሩን ማጠብም ይቻላል፤ አውቶማቲኩ ይህን አያደርግም። ርጥብ ልብስ ከገንዳ ወደ ገንዳ ማዛወሩ ድካም መሆኑን አልክድም፤ ወገብ የሚያመው ሰው በሚኖርበት ቤት ይህ ብቻውን ወደ አውቶማቲኩ ለማዘንበል በቂ ምክንያት ነው።

«የ10 ዓመት ዋስትና ስላለው ሐሳብ የለብኝም»

በማሽኑ ፊት ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ እስከ መጨረሻው ያንብቡት፤ 10 ዓመት ይሁን 20 ዓመት የተባለው ብዙውን ጊዜ ለሞተሩ ብቻ ነው። ኢንቨርተር ሞተር የካርቦን ብሩሽ ስለሌለው ቀድሞውንም ቶሎ አይሞትም፤ አምራቹም ይህን ስለሚያውቅ ነው እጁን የሚዘረጋው። መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚቃጠለው ሞተሩን የሚያዘው ቦርድ ነው፤ ቦርዱ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸፈነው በአንድና በሁለት ዓመቱ አጠቃላይ ዋስትና ሲሆን፣ በኤሌክትሪክ መዋዠቅ የደረሰ ጉዳት ከዚያም ውጭ ሊደረግ ይችላል። ዱባይ የተገዛ ማሽን ወረቀቱ እዚህ የሚያገለግል መሆኑን አስቀድሞ ማረጋገጥም የገዢው ድርሻ ነው።

ከዋስትናው ይልቅ ሻጩን ሁለት ነገር ይጠይቁት። አንደኛ፣ የዚህ ሞዴል ቦርድ፣ የውኃ መውጫ ፓምፕና የበር ጎማ አዲስ አበባ ውስጥ ይገኛል ወይ? ሁለተኛ፣ የውጭው ገንዳ በቡሎን የታሰረ ነው ወይስ የተበየደ? በርካታ አዳዲስ ማሽኖች ገንዳቸው ተበይዶ ስለሚመጣ፣ ከዓመታት በኋላ ኩሽኔታ ለመቀየር ገንዳውን በሙሉ መለወጥ ወይም በመጋዝ መክፈት ይጠይቃል። ሻጩ መልሱን ካላወቀ ሞዴሉን ጽፈው ይዘው ለሚያውቁት ጠጋኝ ያሳዩ።

«ስታቢላይዘር ካለኝ ማሽኑ አይነካም»

ለቴሌቪዥን ተብሎ የተገዛ ባለ 1,000 ዋት ስታቢላይዘር ውኃ የሚያሞቅ ማሽን አይሸከምም። ማሞቂያው ብቻውን ወደ 2,000 ዋት ሲጠጋ፣ ይህም በ220 ቮልት ወደ 9 አምፔር ይሆናል፤ ቀልጦ ያየሁት ዲቫይደር ሁሉ ከጀርባው እንዲህ ያለ ማሽን ነበረው። ማሽኑ ከግድግዳው ሶኬት በቀጥታ፣ ኧርዝ ካለው መስመር ላይ ይሰካ፤ አካሉ ሲነካ የሚነዝር ከሆነ ብዙውን ጊዜ የጎደለው ኧርዙ ነው። መብራት ሲመለስ የተወሰኑ ደቂቃዎች ጠብቆ የሚለቅ መከላከያ መግዛት ተገቢ ነው፤ እርሱ ከሌለ ደግሞ መብራት እንደሄደ መንቀል። ብዙዎቹ አዳዲስ ማሽኖች የት እንደደረሱ ስለሚያስታውሱ ነቅሎ መሰካት ሥራውን ከመጀመሪያው አያስጀምረውም።

«7 ኪሎ ማሽን 7 ኪሎ ማንኛውንም ነገር ያጥባል»

የሚቆጠረው የደረቀ ልብስ ነው፤ ያውም በጥጥ ፕሮግራም ብቻ፤ ለሲንቴቲክ ልብስ ግማሽ ገደማውን ያስቡ። ለአራት ሰው ቤተሰብ 7 ኪሎ ይበቃል እላለሁ፤ ነገር ግን ጋቢ የሚታጠብበት ቤት ከሆነ 8 ወይም 9 ኪሎ ይመረጣል። ጋቢ ውኃ ሲጠጣ እጅግ ይከብዳል፤ ብቻውን ሲገባም ወደ አንድ ጎን ተጠቅልሎ ማሽኑ ሚዛኑን ስለሚስት መጭመቁን ይተዋል። ከሁለት ፎጣ ጋር ማስገባት ይረዳል።

«ኤ ሦስት ፕላስ ምልክት ያለበት ምርጡ ነው»

ይህ ምልክት ማሽኑ ምን ያህል ኤሌክትሪክ እንደሚቆጥብ የሚያሳይ ደረጃ ነው። የአውሮፓ ኅብረት ፕላሶቹን ከማርች 2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንስቶ መለኪያውን ከኤ እስከ ጂ ስላደረገው፣ ዛሬ ሱቅ ውስጥ የሚታየው ሦስት ፕላስ የቆየ ወይም ከአውሮፓ መለኪያ ውጭ የሆነ ምልክት ነው። አብዛኛውን ኤሌክትሪክ የሚበላው ውኃ ማሞቅ ስለሆነ፣ በቀዝቃዛ ውኃ የሚያጥብ ሰው በዚህ ምልክት ላይ ብዙ ባይጨነቅ ይሻላል።

«ሳሙና ሲበዛ ይጠራል»

አይጠራም፤ ለእጅ ማጠቢያ የተሠራው ዱቄት በአውቶማቲክ ማሽን ውስጥ አረፋው ሞልቶ ማለቅለቁን ያሰናክላል።

«ከአሜሪካ የተላከልኝን በትራንስፎርመር እጠቀማለሁ»

ትራንስፎርመር 220 ቮልቱን ወደ 120 ያወርደዋል፤ የእኛን 50 ኸርዝ ግን ወደ አሜሪካው 60 አይቀይረውም። ተራ ሞተር ያለው ማሽን በዚህ ምክንያት ዝግ ብሎ ይዞራል፣ ይግላልም። የላከውን ዘመድ አመስግኖ፣ የማጓጓዣውን ገንዘብ በሚቀጥለው ጊዜ እዚሁ እንዲልክ መጠየቅ ይሻላል።

«ማሽኑ የሚዘለው ርካሽ ስለሆነ ነው»

ጀሞ አንድ ደንበኛዬ ከመታጠቢያ ክፍሉ እየተንቀጠቀጠ የወጣ አዲስ ማሽን አሳይቶኝ ነበር፤ ከጀርባው ያሉት የማጓጓዣ ቡሎኖች ገና አልተፈቱም። ከፊት የሚከፈት ማሽን ሁሉ በመንገድ ላይ ከበሮው እንዳይናወጥ ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ቡሎን ታስሮበት ይመጣል፤ ሳይፈቱ ማስነሳት ማሽኑን ሊሰብረው ይችላል። ቡሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ አራቱም እግሮች እስኪቆነጥጡ ድረስ ይስተካከሉ፤ የጋራ መኖሪያ ቤት ወለል ደልዳላ ነው ብላችሁ አትመኑ። የተፈቱትን ቡሎኖች በከረጢት አድርጋችሁ ከመመሪያው ጋር አስቀምጡ፤ ቤት ስትቀይሩ ማሽኑ መኪና ላይ ከመጫኑ በፊት ወደ ቦታቸው ይመለሳሉ።