«በቀን የሚመከር መጠን» ምንድን ነው?

«ለሴት በቀን 18 ሚሊግራም አይረን ያስፈልጋታል። 12 ብቻ ካገኘች እጥረት አለባት ማለት ነው።» ይህን ስሌት በሙሉ ልብ የሚጽፉ በዝተዋል። በቀን የሚመከረው መጠን 18 መሆኑ ልክ ነው፤ ስህተቱ «ማለት ነው» ላይ ነው።

ጎንደር አራዳ ያለ አናጢ በር ሲሠራ በአማካይ ቁመት አይለካም፤ እንዲያ ቢያደርግ ግማሹ ሰው ግንባሩን ይመታል። ከ100 ሰው 97 ወይም 98ቱ ሳይጎነበስ እንዲያልፍ ከፍ ያደርገዋል። የሚመከረው መጠን ይህ በር ነው። ቁመቱ ደግሞ የእያንዳንዱ ጤነኛ ሰው ፍላጎት ነው። የአንዲት ሴት በር፣ ማለትም በቀን የምታገኘው መጠን፣ ከአናጢው መለኪያ ዝቅ ቢል ግንባሯ መነካቱን የሚወስነው የራሷ ቁመት ነው።

ወደ አይረኑ እንመለስ። በአሜሪካው መመሪያ፣ ከ19 እስከ 50 ዓመት ካሉ ሴቶች ግማሾቹን የሚበቃቸው 8 ሚሊግራም ገደማ ነው። ቁጥሩን ወደ 18 የሰቀሉት የወር አበባ ደማቸው የሚበዛ ጥቂት ሴቶች ናቸው። ስለዚህ 12 የምታገኘው ሴት የሚበቃትን ሳታገኝ አትቀርም። እጥረት የሚታወቀው በደም ምርመራ እንጂ በሳህን ስሌት አይደለም።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር አለ። 18 የተሰላው ሥጋ ያለበትን አመጋገብ ታሳቢ አድርጎ ነው። ሥጋ ለማይበላ ያው መመሪያ በ1.8 ያባዛዋል። ረጅም ጾም ላይ ሽሮና እንጀራ ብቻ የሚበላ ሰው ይህን ያስብበት። ጤፍ ላይ የሚለካው አይረን ከፊሉ ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነት ብዙም አይጠቀምበትም። ከምግብ ጋር ቃሪያ ወይም ሎሚ ሲጨመር የአይረኑ መመጠጥ ይሻላል፤ ቡናው ከማዕዱ ጥቂት ሰዓት ቢዘገይ ደግሞ ጥሩ ነው።

«በቀን» የሚለውም ያሳስታል። የብዙ ቀን አማካይ እንጂ ዛሬ ማታ የሚዘጋ ሂሳብ አይደለም፤ ቫይታሚን ኤ ጉበት ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ቁጥሩም ከሰማይ አልወረደም፦ ለጎልማሳ ወንድ ቫይታሚን ሲ አሜሪካኖቹ 90 ሚሊግራም ሲሉ የዓለም ጤና ድርጅት 45 ይላል። ሰውነቱ አንድ ነው፤ «በቃ» የተባለበት መስፈርት ነው የተለያየው።

ካሎሪ ላይ ይህ በር የለም። ለካሎሪ የሚሰጠው አማካይ ፍላጎት ብቻ ነው፤ መጠባበቂያ ቢጨመርበት አብዛኛው ሰው ይወፍራል። እንክብል ለሚውጥም ከበሩ በላይ ጣሪያ አለ፤ ለጎልማሳ ሰው የአይረን ጣሪያ በቀን 45 ሚሊግራም ነው፣ ሐኪም ካላዘዘ በቀር።