ቻርጅ የሌላቸው አተሞች ምን ያያይዛቸዋል?

ይህ ጥያቄ ደጋግሞ ስለመጣ አንዴ በደንብ እንየው። «ቻርጁ ዜሮ ከሆነ እንዴት ይሳሳባሉ?»

አርጎንን እንውሰድ። ከሌላ ንጥረ ነገር ጋር መዋሃድ የማይወድ ጋዝ ነው። ግን ከዜሮ በታች ወደ 189 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲቀዘቅዝ አተሞቹ ተያይዘው ክሪስታል ይሠራሉ።

ግራ የሚያጋባው «ዜሮ» የሚለው ቃል ይመስለኛል። ፖዘቲቩና ኔጌቲቩ እኩል ናቸው ማለት ነው እንጂ ቻርጅ የለም ማለት አይደለም። ኤሌክትሮኖች ደግሞ አርፈው አይቀመጡም። ለቅጽበት ወደ አንድ ጎን ሲያጋድሉ ያ ጎን ኔጌቲቭ፣ ሌላው ፖዘቲቭ ይሆናል። የጎረቤት አተም ኤሌክትሮኖችም ይህን ተከትለው ይሸሻሉ ወይም ይጠጋሉ። ተቃራኒ ጎኖች ፊት ለፊት ሲገጥሙ መሳሳብ ይመጣል። የፊዚክስ ሊቁ ፍሪትዝ ለንደን በ1930 እ.ኤ.አ. በኳንተም ስሌት ያስረዳው ይህንን ነው።

ታዲያ ለምን እርስ በርስ አይዋዋጡም? በጣም ሲቀራረቡ የኤሌክትሮን ደመናቸው ይደራረባል። የፓውሊ ሕግ ደግሞ ሁለት ኤሌክትሮኖች አንድ ዓይነት ሁኔታ እንዲይዙ አይፈቅድም። እንደ ታክሲ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እዚህ አይሠራም። መገፋፋቱ በአንዴ ይበረታል። በአርጎን ክሪስታል ሁለቱ የሚመጣጠኑት አተሞቹ 0.38 ናኖሜትር ገደማ ሲራራቁ ነው።

የመሳሳቡና የመገፋፋቱ ኢነርጂ በርቀት እንዴት እንደሚቀንስ የሚያሳይ የሌናርድ-ጆንስ ቀመር የሚባል አለ፤ በመሳሳቡ በኩል የርቀቱ ፓወር 6፣ በመገፋፋቱ በኩል 12 ነው። እነዚህ 6 እና 12 እኩል ክብደት የላቸውም። 6ቱ ከስሌት የወጣ ነው፤ ርቀቱ እጥፍ ሲሆን የመሳሳቡ ኢነርጂ 64 ጊዜ ያንሳል። 12ቱ ግን ለስሌት ስለሚመች የተመረጠ ነው። በእሱ ቦታ ሌላ ቀመር የሚጠቀሙም አሉ።