ያገለገለ የኤሌክትሪክ መኪና በድሬዳዋ ሲገዛ የፋብሪካ ዋስትናው አተላለፍ

የፋብሪካ ዋስትና፣ በምርቱ ላይ የአሠራር ጉድለት ቢገኝ አምራቹ ያለ ክፍያ ለመጠገን ወይም ለመለወጥ በጽሑፍ የሚገባው ግዴታ ነው። በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ፣ ይህ ግዴታ ከመጀመሪያው ባለቤት ወደ ሁለተኛው ያልፋል ወይ የሚለው ጥያቄ ለድሬዳዋ ገዢዎችም ከበድ ያለ ሆኗል። የቤንዚን ሞተር ቢበላሽ ሰፈር ውስጥ የሚፈታው መካኒክ አይጠፋም፤ ከመኪናው ዋጋ ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ባትሪ ግን እንዲህ በቀላሉ አይነካም።

ብዙ አምራቾች ለባትሪው 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚሞላው ድረስ፣ ዋስትና ይሰጣሉ። ጊዜው የሚቆጠረው መኪናው መጀመሪያ ከተሸጠበት ቀን ስለሆነ ሁለተኛው ገዢ የሚያገኘው ቀሪውን ብቻ ነው።

ሊብሬው በትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በገዢው ስም ሲዞር የሚተላለፈው ባለቤትነቱ ነው። ዋስትናው ግን በሻንሲ ቁጥሩ ተመዝግቦ የሚገኘው በአምራቹ ወይም በወኪሉ ዘንድ ሲሆን፣ አንዳንዱ አምራች ያለ ምንም ጥያቄ ከመኪናው ጋር እንዲሄድ ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ የባለቤት ለውጡ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲነገረው ይጠይቃል፣ ለመጀመሪያው ባለቤት ብቻ የሚሰጥም አለ። የሰርቪስ ደብተሩ ክፍተት ካለበት ዋስትናው ሊተላለፍ ቢችል እንኳ ጥያቄው ውድቅ የሚሆንበት አጋጣሚ ብዙ ነው።

ከዚህ ሁሉ የሚብሰው የአገር ጉዳይ ነው። ለምሳሌ የቮልስዋገን አይዲ 6 ለቻይና ገበያ የተሠራ መኪና ነው፤ በግል አስመጪ በኩል የገባ እንዲህ ያለ መኪና ለቻይና የተሰጠውን ዋስትና ይዞ መጣ ብሎ ማሰብ አይገባም። ደላላ «ጋራንቲ አለው» ሲል ብዙውን ጊዜ የሚያወራው አስመጪው በራሱ ማኅተም ስለሰጠው ወረቀት ስለሆነ፣ ወረቀቱ ሁለተኛ ገዢን ይጠቅስ እንደሆነ ማንበብ ያስፈልጋል።

የባትሪው ሁኔታ በኮምፒውተር ተነቦ ውጤቱ ከውሉ ጋር ቢያያዝ ይመረጣል። ሙቀት ባትሪን ያስረጃል፤ ድሬዳዋ ደግሞ ሞቃት ናት። ከሐረር በደንገጎ ቁልቁለት የወረደ መኪና ፍሬን በያዘ ቁጥር ባትሪውን ጥቂት ስለሚሞላ፣ ዳሽቦርዱ የሚያሳየው ቀሪ ርቀት ከእውነቱ የበለጠ ለጋስ ይሆናል፤ ስለዚህ ሙከራው ወደ ላይ፣ ወደ ደንገጎ ቢሆን ይሻላል።

የፋብሪካው ዋስትና ባይተላለፍም ገዢው ባዶ እጁን አይቀርም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለተሸጠው ዕቃ ጉድለት ተጠያቂ እንዲሆን ይደነግጋል፤ ሻጩ ጉድለቱን አውቆ በተንኮል ከደበቀም በውሉ ላይ የሰፈረ «ባለበት ሁኔታ ተሽጧል» የሚል አንቀጽ አያድነውም። ገዢው በበኩሉ መኪናውን እንደተረከበ የመመርመር፣ ጉድለት ካገኘም ሳይዘገይ ለሻጩ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። ማሳወቂያው በጽሑፍ ሆኖ፣ የሻንሲ ቁጥሩንና የርክክቡን ቀን ቢይዝ ኋላ ለማስረዳት አያስቸግርም።